ጉድጓዱን አታርቁት

በጄኔቫና በዙሪክ ለምትኖሩ እኩዮቼ፤

በየዓመቱ ከመካከላችን አንድ ሁለት ሰው እየሸኘን ነው። ቀጣዩ ተረኛ ማን እንደሆነ ስለማይታወቅ በሆዴ የያዝኩትን ሳልናገር መሄድ አልፈልግም። ነገሬ ስለ ጋዜጠኞች ነው፤ ስለ ሕግም ነው፤ ከሁሉ በፊት ግን ስለ እኛ ስለ ሽማግሌዎቹ ነው። የሚቀየመኝ ይቀየመኝ። በዚህ ዕድሜያችን ቂም ለመያዝም ሆነ ለመታረቅ ብዙ ቀን የለንም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ዙሪክ ውስጥ በአንድ ወዳጃችን ቤት ለክርስትና ተሰብስበን ነበር። ማዕዱ ተነሥቶ ቡና እየተፈላ ሳለ ከመካከላችን አንዱ ስልኩን አየና «ያ ሰውዬ ተያዘ!» አለ። ያ ሰውዬ ጋዜጠኛ ነው። ስሙን አላነሣም፤ ወገናችንን ሲነቅፍ የኖረ ሰው ነበር። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። አንዲት እናት እልል አለች። እኔም አጨበጨብኩ። እዚሁ የተወለደችው የልጅ ልጄ ከጎኔ ተቀምጣ ነበርና «አባባ፣ ተፈታ እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። «አይ፣ ታሰረ» አልኳት። ልጅቷ ሁላችንንም አንድ በአንድ አየችና አንገቷን ደፋች።

ያጨበጨብኩት እኔ ማን እንደሆንኩ ታውቃላችሁ። ከ1985ቱ የፕሬስ አዋጅ በኋላ አዲስ አበባ ውስጥ እንደ እንጉዳይ ከፈሉት የግል ጋዜጦች በአንዱ ምክትል አዘጋጅ ነበርኩ። በጻፍኩት ታስሬያለሁ። እዚህ መጥቼም ኤን የምትባለዋን የጥገኝነት ጠያቂ ወረቀት በኪሴ ይዤ ስንት ክረምት አሳልፌያለሁ። ጋዜጠኛ ሲታሰር ማጨብጨብ ከማንም በላይ ለእኔ ነውር ነበር። በዚያች ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። አባቶቻችን ጉድጓድ ስትምስ አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አይታወቅም ይሉ የነበረው ትዝ አለኝ። ከዚያ ወዲህ ያየሁትንና ያነበብኩትን በዚህ ጽሑፍ አቀርብላችኋለሁ።

በቅድሚያ ከምንኖርበት አገር ልጀምር፤ ብዙዎቻችን «እዚህ ምን አለብን» የምንል ነንና።

የስዊዘርላንድ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 17 የመገናኛ ብዙኃንን ነፃነት ያረጋግጣል፣ ሳንሱርን ይከለክላል፣ የጋዜጠኛን የምንጭ ምስጢር ይጠብቃል። ድንበር የለሽ ጋዜጠኞች የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው ደረጃ ይህች አገር 9ኛ ነበረች፤ የእኛዋ 145ኛ። ይህን እያየን እንኮራለን፣ ለእንግዳም እናወራለን። በዚህ አገር ጋዜጠኛን የያዘው ሕግ ግን ሌላ ቦታ ተቀምጦ ነበር፤ በባንክ ሕግ ውስጥ።

የባንክ ምስጢርን ማውጣት ወንጀል ያደረገው ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1934 ነው። አንቀጽ 47 ይባላል። ለሰማንያ ዓመት ያህል የሚመለከተው በዋናነት ባንከኛውን ነበር። ከ2008 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን የባንክ ሠራተኞች የደንበኞችን ስም በሲዲ ገልብጠው መሸጥ ጀመሩ። የጀርመን ግዛቶች ግብር የሰወሩ ዜጎቻቸውን ለማደን ሲዲውን በሚሊዮን ዩሮ ይገዙ ነበር። እዚሁ ጄኔቫ ኤችኤስቢሲ ውስጥ ይሠራ የነበረው ኤርቬ ፋልቺያኒም ዶሴውን ይዞ ወደ ፈረንሳይ ተሻገረ፤ በኋላ በሌለበት አምስት ዓመት ተፈረደበት። ያን ጊዜ በትራምና በባቡር የምትሰሙትን ታስታውሳላችሁ። ሕዝቡ ተቆጥቶ ነበር። «ሌቦች አገራችንን እየሸጡ ነው» ይባል ነበር፤ ቁጣውም ከሜዳ የመጣ አልነበረም።

ፓርላማው በታኅሣሥ 2014 እ.ኤ.አ. አንቀጹን አጠበቀው፤ ከሐምሌ 2015 ጀምሮም ሥራ ላይ ዋለ። ከእንግዲህ የሚጠየቀው ባንከኛው ብቻ አይደለም፤ ከባንከኛው የወጣውን ምስጢር ተቀብሎ ለሌላ የሚያሳይ ወይም የሚጠቀምበት ማንም ሰው እስከ ሦስት ዓመት ይታሰራል። ገንዘብ ካገኘበት እስከ አምስት ዓመት። ዒላማው ሲዲ ሻጩ ነበር። «ማንም ሰው» የሚለው ቃል ውስጥ ጋዜጠኛም እንዳለ በዚያ ጩኸት መካከል ልብ ያለው ጥቂት ነው።

ሰባት ዓመት ያህል ዝም ተባለ። ከዚያ በየካቲት 2022 እ.ኤ.አ. የክሬዲ ስዊስ ጉዳይ ፈነዳ። አንድ ስሙ ያልታወቀ ሰው ከ18,000 በላይ የሚሆኑ ሒሳቦችን ዝርዝር ለጀርመኑ ዙድዶይቸ ጻይቱንግ አቀበለ። ከመቶ ቢሊዮን ዶላር በላይ የተቀመጠባቸው ሒሳቦች ናቸው፤ ባለቤቶቻቸውም የአምባገነኖች ዘመዶች፣ የስለላ ሹሞች፣ ወንጀለኞች ይገኙባቸዋል። 48 የዜና ተቋማት ተባብረው መረመሩት፤ ለ ሞንድ፣ ጋርዲያን፣ ኒው ዮርክ ታይምስ ነበሩበት። ባንኩ ያኔ የነበረው ዙሪክ ፓራደፕላትስ ላይ ነው። ከዚያ በእግር በሚደረስበት ሠፈር ታገስ አንዛይገርን የሚያሳትመው ታሜዲያ አለ፤ የጄኔቫው ትሪቡን ደ ዠኔቭም የእሱ ነው። የታሜዲያ ጋዜጠኞች ጠበቃ አማከሩ፤ ጠበቃውም አንቀጽ 47ን አሳያቸው። ዶሴውን ሳያዩት ተዉት። አንድም የስዊዘርላንድ ጋዜጣ በምርመራው አልገባም። የገዛ ከተማችን ባንክ ምን እንዳደረገ ከሙኒክና ከፓሪስ አነበብን።

ልብ አድርጉ፣ ማንም አልታሰረም። ፖሊስ አልመጣም፤ ማተሚያ ቤት አልታሸገም። አንድ ጠበቃ ሕግ ገልጦ አሳየ፤ በዚሁ አበቃ። እኛ ጭቆና ሲባል ዱላና ሰንሰለት ስለለመድን እንዲህ ያለውን አናየውም።

በተባበሩት መንግሥታት የሐሳብ ነፃነት ልዩ ራፖርተር የነበሩት አይሪን ካን ስለዚሁ አንቀጽ ለስዊዘርላንድ መንግሥት ደብዳቤ ጻፉ። የተባበሩት መንግሥታት የጄኔቫ ጽሕፈት ቤት ያለው እኛ ሰልፍ ከምንወጣበት አደባባይ ፊት ለፊት ነው። ነገሩ በዚያ አልቆመም። በሰኔ 2025 እ.ኤ.አ. የዙሪክ ዐቃቤ ሕግ ኢንሳይድ ፓራደፕላትስ የተባለውን የፋይናንስ ድረ ገጽ አዘጋጅ ቤትና ቢሮ አስፈተሸ። ምክንያቱ የባንክ ምስጢር ነው፤ የተጠረጠረበትም በ2016 ስለ አንድ የቀድሞ የባንክ አለቃ ያወጣቸው ጽሑፎች ናቸው። ለሲዲ ሻጩ የተቆፈረው ጉድጓድ ዘጠኝ ዓመት ያለፈበትን ጽሑፍ ጸሐፊ እስኪያገኝ ክፍት ሆኖ ቆየ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይችኛዋ የአንዲት ቃል ታሪክ ናት። በዚህ አገር የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 266 መሠረት አንድ ባለጠጋ ገና ያልወጣን ጽሑፍ በፍርድ ቤት ጊዜያዊ እግድ ለማሳገድ «በተለየ ሁኔታ ከባድ» ጉዳት እንደሚደርስበት ማሳየት ነበረበት። በጀርመንኛ «በዞንደርስ» የምትል ቃል ናት። ፓርላማው በ2023 እ.ኤ.አ. ቃሏን ሰረዛት፤ ከጥር 2025 ጀምሮ «ከባድ» ብቻ በቂ ነው። አንዲት ቃል! ከልጅነታችን ጀምሮ ሕግ በነጠላ ሰረዝ ሰው ሲሰቅልና ሲያወርድ ያየን ሰዎች ነን፤ ይህ እኛን ሊያስገርመን ባልተገባ ነበር። አልሰማነውም እንጂ።

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን።

እንግዳ ሲመጣብን ፓሌ ዴ ናሲዮን ይዘነው ሄደን «ጃንሆይ የተናገሩት እዚህ ነው» እንላለን። የዛሬው ትልቁ አዳራሽ ሥራ የጀመረው በ1937 እ.ኤ.አ. ስለሆነ ንግግሩ የተደረገው በከተማው ሌላ አዳራሽ ነበር፤ ይህን ስሕተት እንኳ ሳናርም ሠላሳ ዓመት ኖረናል። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጃንሆይ በመንግሥታት ማኅበር ፊት በአማርኛ ሊናገሩ ሲነሡ ከጋዜጠኞቹ ሰገነት ፉጨት ወረደ። የሚያፏጩት የኢጣሊያ ጋዜጠኞች ነበሩ። ዘበኛ አስወጣቸው፣ ፖሊስም ያዛቸው። ይህን ሁላችንም ስንተርክ ኖረናል፤ ስንተርክም «ፋሺስቶች» ብለን እናልፋለን። ግን እኮ የፕሬስ መታወቂያ የያዙ ሰዎች ነበሩ። መታወቂያውን የሰጣቸው ማነው?

በኅዳር 1925 እ.ኤ.አ. ሙሶሊኒን ለመግደል ሲዶለት ተደረሰበት ተባለ። አገሩ በቁጣ ነደደ። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ መጨረሻ የፕሬስ ሕግ ወጣ፤ ጋዜጠኛ የሚባለው በመዝገብ የሰፈረ ብቻ ነው አለ። በ1928 እ.ኤ.አ. በወጣው ድንጋጌ ደግሞ መዝገቡ በፋሺስቱ የሠራተኛ ማኅበር እጅ ገባ። ከስምንት ዓመት በኋላ ያ ሰገነት የሞላው በዚያ መዝገብ በተጣሩ ሰዎች ነበር። በቁጣ የወጣ ሕግ ጋዜጠኛውን ወደ ፉጨት አወረደው፤ የተፏጨውም በእኛ ላይ ነው። ኢትዮጵያዊ ሽማግሌ ይህን ታሪክ እያወቀ «ሕጉ ለእነሱ ነው፣ እኛን አይነካም» ሲል ስሰማ ያመኛል።

በ2001 ዓ.ም. የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652 ሲወጣ አገር ቤት ፈንጂ ይፈነዳ ነበር፤ ሰው ይሞት ነበር። ከእኛ መካከል «ይበላቸው፣ እነዚያን ነው የሚያስታግስ» ያለ አልነበረም? ነበረ። አንቀጽ 6 ሽብርን የሚያበረታታ ጽሑፍ ያተመ ሰው ከ10 እስከ 20 ዓመት ይታሰራል ይል ነበር። በ2003 ርዕዮት ዓለሙ ተያዘች፤ አስተማሪና የጋዜጣ ዓምደኛ ነበረች። በ2004 እስክንድር ነጋ 18 ዓመት ተፈረደበት። ሚያዝያ 17 ቀን 2006 ዓ.ም. የዞን ዘጠኝ ጦማርያን መያዝ ጀመሩ፤ ስድስት ጦማርያንና ሦስት ጋዜጠኞች ናቸው። ልጆቹ ሕገ መንግሥቱ ይከበር ብለው ከመጻፍ በቀር ፈንጂ በዓይናቸው ያዩ አይመስለኝም። ያኔ ጄኔቫ አደባባይ ላይ ባለው የሰባራ ወንበር ሐውልት ሥር ቆመን ጮኸናል፤ ደግ አደረግን። ጩኸታችን ግን አዋጁ ከወጣ ከአምስት ዓመት በኋላ ነው።

በ2012 የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185 መጣ። እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኔም ነው። በፌስቡክ የሚጻፈው ስድብ ደሜን አፍልቶት ስለነበር አዋጁ ይውጣ ብዬ በየስብሰባው የተሟገትኩ እኔ ነኝ። አንብቤው ነበር? አላነበብኩትም። ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨ እስከ አንድ ዓመት፣ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ከሆነ እስከ ሦስት ዓመት እንደሚታሰር የሰማሁት በኋላ ነው። አዋጁ የዜና ዘገባንና የፖለቲካ ትችትን ነፃ የሚያደርግ አንቀጽ አለው፤ እውነት ለመናገር ጥሩ አንቀጽ ነው። ነገር ግን ያ አንቀጽ የሚነበበው ፍርድ ቤት ነው። ፖሊስ ጣቢያ አይነበብም። ዳኛው ፊት እስኪደርስ ድረስ ሰውየው ስንት ሳምንት ሲሚንቶ ላይ ይተኛል?

በ2013 የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238 ሲወጣ ግን በእውነት ደስ ብሎኝ ነበር፤ አሁንም አልጸጸትበትም። ስም ማጥፋትን ከወንጀል ወደ ፍትሐ ብሔር አወረደው። በመገናኛ ብዙኃን በተፈጸመ ጥፋት የተጠረጠረ ሰው ለምርመራ ሳይታሰር ክሱ በቀጥታ ለፍርድ ቤት ይቅረብ አለ። የመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣኑ ቦርድ ውስጥ የፓርቲ አባል አይግባ አለ። በእኛ አገር ታሪክ እንዲህ ያለ የፕሬስ ሕግ አልነበረም። እና ምን ሆነ? ጋዜጠኛው በአዋጅ 1238 መታሰሩ ቀረና በጎረቤቶቹ ታሰረ። አንዱን በሽብር፣ ሌላውን ሁከት በማነሣሣት። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ግጭት ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ደግሞ ከታሰሩት ጋዜጠኞች አዋሽ አርባ የተወሰዱ አሉ። ቤቱ አዲስ በር ተገጥሞለት አጥሩ የፈረሰ ማለት ነው።

በዚህ ላይ ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የሰብዓዊ መብት አያያዝ እዚሁ ጄኔቫ በመንግሥታት ፊት ተገመገመ። በአራት ዓመት ተኩል አንዴ የሚመጣው ግምገማ ነው። አንዳንዶቻችሁ ያ ጣሪያው ቀለም የሚያንጠባጥብ በሚመስለው አዳራሽ ውስጥ ነበራችሁ። አገሮች እየተነሡ ጋዜጠኞችን ጠብቁ ብለው መከሩ። በአምስት ወሩ፣ ሚያዝያ 9 ቀን 2017፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አዋጅ 1238ን አሻሻለ። የፓርቲ አባል ቦርድ እንዳይገባ የሚከለክለው ድንጋጌ ተነሣ። የባለሥልጣኑን ዋና ዳይሬክተር መሾም ወደ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሄደ። ፈቃድ የማገድና የመሰረዝ ሥልጣን ከቦርዱ ወደ ባለሥልጣኑ ዞረ። በዚያ ሳምንት እኛ ምን እያደረግን እንደነበር ላስታውሳችሁ፤ ለትንሣኤ በግ የሚያርድልን ገበሬ እየፈለግን ነበር። አዋጁ ሲወለድ ከበሮ መታን፤ ሲታመም ማንም አልጠየቀው።

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ሰው የሚቆጣ ፍጡር ነው፤ አትቆጡ አልላችሁም። የምላችሁ ተቆጥታችሁ ሳላችሁ ሕግ አትጠይቁ ነው። «እነዚያን ዝም የሚያሰኝ ሕግ ይውጣ» ለማለት አፋችሁን ስትከፍቱ፣ ያን ሕግ በጠላታችሁ እጅ አስቀምጣችሁ የእናንተን ልጅ ስም በክሱ ላይ ጻፉበት። ከዚያ በኋላም ሕጉ ጥሩ መስሎ ከታያችሁ ጠይቁ። ይህ መንግሥት ነገ ቢለወጥ፣ የሚመጣው የእናንተ ወገን ቢሆን እንኳ፣ ጉድጓዱን ቆፍሮ ይጀምራል ብላችሁ አታስቡ፤ የተቆፈረ ያገኛል።

ደግሞም ለማሻሻያ ስንጮኽ የፕሬስ አዋጁን ብቻ ይዘን አንጩኽ። ዙሪክ ያስተማረን ይህንን ነው፤ ሕገ መንግሥቱ ጋዜጠኛውን ሲጠብቅ የባንክ ሕጉ አገኘው። አገር ቤትም እንዲሁ ነው። የሽብር ሕጉ፣ የጥላቻ ንግግር አዋጁ፣ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጁ፣ የአስቸኳይ ጊዜ ድንጋጌው፣ እያንዳንዱ «ለሕዝብ ጥቅም የተሠራ የጋዜጠኝነት ሥራ በዚህ አይጠየቅም፣ ጋዜጠኛውም ለምርመራ አይታሰርም» የሚል መስመር በራሱ ሆድ ውስጥ ይኑረው። ሌላ አዋጅ ላይ የተጻፈ ጥበቃ የሚይዘውን እጅ አይመልስም። የ2017ቱም ማሻሻያ ተመልሶ ይታይ፤ ቦርዱ ከፓርቲ ይጽዳ። እዚህ ደግሞ ብዙዎቻችን ዜግነት አለን፣ የድምፅ መስጫው ፖስታ እስከ ቤታችን ይመጣል። የአንቀጽ 47 ነገር ሲነሣ «የፈረንጅ ጉዳይ ነው» ብላችሁ ፖስታውን ከማስታወቂያ ወረቀት ጋር አትጣሉት። የድሃ አገር ገንዘብ የሚደበቅባቸው ባንኮች እዚህ ናቸው፤ እሱን የሚያወጣ ጋዜጠኛ ሲፈራ የሚጎዳው የእኛም ሰው ነው።

የመጨረሻው ከባዱ ነው። ያ የተጨበጨበበት ጋዜጠኛ ከወራት በኋላ ተፈታ። ያን ቀን ከመካከላችን ያጨበጨበ የለም። እኔ ደብዳቤ ጻፍኩለት፤ አብረን ሳንሠራ፣ ሳንተዋወቅ፣ በጽሑፉ አሁንም ሳልስማማ ይቅርታ ጠየቅኩት። እስካሁን አልመለሰልኝም፤ አይፈረድበትም።

በሚቀጥለው ወር በማኅበራችን ስብሰባ ስለ መጪው አቤቱታ እንነጋገራለን ተብሏል። ከዙሪክ የምትመጡም፣ እዚህ ጄኔቫ ያላችሁም፣ አዋጅ 1238ንና የ2017ቱን ማሻሻያ ጎን ለጎን አድርጋችሁ አንብባችሁ ኑ። ያላነበበ እንዳይናገር ሰብሳቢውን እጠይቃለሁ፤ እኔም ብሆን። መነጽራችሁን እንዳትረሱ፣ የነጋሪት ጋዜጣ ፊደል ደቃቅ ነው።